የመመረቂያ ጽሑፍ ከኋላው ሲነበብ

በዛሬው ትምህርታዊ ንግግራችን የምናወሳው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ስለሚያካሂዱት ምርምር፣ ይልቁንም በሥነ ጽሑፍና በታሪክ፣ በትምህርትና በተፈጥሮ ሳይንስ ክፍሎች የሚዘጋጁት የመመረቂያ ጽሑፎች በምን እንደሚለያዩና በምን እንደሚገናኙ ነው። ጉዳዩ ለምሁራን ብቻ የተተወ የሚመስላችሁ ብትኖሩ እስከ ንግግራችን ፍጻሜ ድረስ ታገሡን፤ ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ ያለ እናንተ ቃልና ያለ እናንተ ፈቃድ ከቶ ሊጻፉ የማይችሉ መሆናቸውን እናስረዳለንና።

አስቀድመን ስለ ነገሩ መነሻ ጥቂት እንበል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲቀበል፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ልዩ ልዩ ኮሌጆች በአንድነት ተጠቃልለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትና ንጉሠ ነገሥቱ በስድስት ኪሎ ያለውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዚሁ ሲለግሡ፣ በአገር ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ይገኝ ነበር እንጂ ከዚያ በላይ ያለውን ማዕርግ የሚሻው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር መሻገር ነበረበት። የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ሲሆን፣ የዶክትሬት ትምህርት የተጀመረው ደግሞ ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ስለዚህም ነው የመጀመሪያዎቹ ዘመናውያን ሊቃውንቶቻችን ስለ አገራቸው ገድላትና ቋንቋዎች፣ ስለ አገራቸው በሽታና አዝርዕት የጻፏቸውን ድርሳናት በለንደን፣ በጀርመንና በአሜሪካ መምህራን ፊት ቆመው ሲሟገቱላቸው የኖሩት።

ይሁን እንጂ ጥናትን በየወገኑ መክፈልና ከየወገኑ የተለየ ማስረጃ መጠየቅ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እየተባለ ዕውቀቱ በየማዕርጉ ተለይቶ ሲኖር፣ የመጻሕፍቱ ትርጓሜ ራሱ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ ለአራት ይከፈላል። ከዜማ ትምህርት ድጓ የተማረው ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረው ዙር አምባ፣ አቋቋም የተማረው ጎንደር ሄዶ ካላስመሰከረ በቀር መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት አይደፍርም ነበር። ፈተናውም እንደ ትምህርቱ ይለያያል፤ የዜማው ደቀ መዝሙር ከመምህሩ የተቀበለውን አንዲት ምልክት እንኳ ሳያጓድል እንዲመልስ ግድ ሲሆንበት፣ የቅኔው ደቀ መዝሙር ግን ትናንት የተባለውን ቢደግም ነውር ሆኖ ይቈጠርበታልና በየዕለቱ አዲስ ቅኔ መቍጠር አለበት። በአንደኛው ዘንድ ታማኝነት የሚባለው መጠበቅ ሲሆን በሁለተኛው ዘንድ መፍጠር ነው፤ ሁለቱም ግን ሊቃውንት ናቸው፤ አንዱ በሌላው ሚዛን ቢመዘን ፍርድ ይጓደላል።

እንግዲህ የዛሬዎቹንም የድኅረ ምረቃ ጽሑፎች በዚሁ ዓይን ብንመለከታቸው መልካም ነው። በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመመረቂያ ጽሑፎች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው፣ የአንዲት ከተማ ታሪክ ከአንድ ሐይቅ ዓሣ ጋር፣ የአራተኛ ክፍል ሕፃናት የንባብ ችሎታ ከአንድ የመድኃኒት ቅጠል ጭማቂ ጋር፣ የለቅሶ ግጥም ከአፈር አሲዳማነት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያይ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ስም ምርምር መባሉ ሊያስገርመው ይችላል። ርእሶቹን ብቻ እያነበበ ቢያልፍ ልዩነቱን እንጂ ሥርዓቱን አያገኝም። እኛ የምንመክረው ግን ጽሑፎቹን ከፊታቸው ሳይሆን ከኋላቸው እንዲገልጣቸው ነው፤ በመጨረሻዎቹ ገጾች በአባሪነት የተያያዙት ሠንጠረዦችና ዝርዝሮች ጸሐፊው ማንን ምስክር አድርጎ እንደ ጠራ ይናገራሉ። ዳኛ በርስት ክርክር የአገር ሽማግሌ፣ በውል ክርክር የተፈረመ ወረቀት፣ በነፍስ ግድያ ክርክር የሐኪም ማስረጃ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የጥናት ዘርፎችም የሚለያዩት ከሁሉ በፊት በሚቀበሉት የምስክር ዓይነት ነው።

ከታሪክና ከሥነ ጽሑፍ እንጀምር። በታሪክ ትምህርት ክፍል የተዘጋጀ የመመረቂያ ጽሑፍ በስተኋላው ቢገለጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቃል መረጃ የሰጡ ሰዎች ዝርዝር ይገኝበታል። በመጀመሪያው ዓምድ የሰውየው ስም፣ በሁለተኛው ዕድሜው፣ በሦስተኛው ቃሉን የሰጠበት ቦታና ቀን፣ በመጨረሻው ደግሞ አስተያየት ይሰፍራል። ያቺ የአስተያየት ዓምድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትናገራለች፤ ሰውየው የቀድሞ ጭቃ ሹም ልጅ መሆኑን፣ ወይም ስለ ገበያ ጠንቅቀው የሚያውቁ ነጋዴ መሆናቸውን፣ ወይም ስለ ጣልያን ወረራ በዓይናቸው ያዩትን የሚናገሩ አርበኛ መሆናቸውን ትገልጻለች። ይህ ዝርዝር ለጌጥ የተጨመረ አይደለም፤ አንባቢው ቃሉን ከተናጋሪው ሁኔታ ጋር አስተያይቶ፣ ማን ለማን ሊያደላ እንደሚችል መርምሮ፣ የራሱን ፍርድ እንዲሰጥ የሚያስችለው መሣሪያ ነው።

የጽሑፍ ምስክርም ቢሆን እንዲሁ በጥንቃቄ ይመረመራል። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያዘጋጁትንና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 በመጽሐፍ የታተመውን ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ሲጽፉ፣ ከዋነኞቹ ምንጮቻቸው አንዱ የቅዱሳን ገድል ነበር። ገድል የተጻፈው ምእመናንን ለማነጽ ነው እንጂ ለታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ እንዲሆን አይደለም፤ ነገር ግን ጸሐፊው ስለ ተአምር ሲተርክ ሳያስበው የአንድ ገዥን ስም፣ የአንድ ገዳምን ወሰን፣ የአንድ አውራጃን ግብር ጠቅሶ ያልፋል። በወንጌል ብራና ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈ የመሬት ስጦታም ለነፍስ መታሰቢያነት ተጽፎ ሳለ፣ ዛሬ ለታሪክ ተማሪ የርስትና የጉልት መዝገብ ሆኖ ያገለግለዋል። የሰብአዊ ጥናት ጥበብ ምስክሩ ሊናገር ያሰበውን ከመስማት አልፎ፣ ሳያስብ የተናገረውን ለይቶ ማውጣት ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ብራናው ከሌለ አይሠራምና፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በአገራችን ገዳማትና አድባራት የሚገኙ 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በሚገኝ የቤኔዲክት መነኮሳት ቤተ መጻሕፍት መቀመጡ፣ የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይለም ከነዚሁ ብዙውን እየመረመሩ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ዝርዝር ማዘጋጀታቸው ለትውልድ የተረፈ ውለታ ነው። በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊልም እያዩ ይህ ገጽ ይጎድለዋል፣ ይህ ጽሕፈት የሌላ እጅ ነው እያሉ መመዝገብ ለተመልካች አሰልቺ ሥራ ቢመስልም፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ተማሪ ሁሉ ጉዞውን የሚጀምረው ከዚያ ዝርዝር ነው።

ወደ ትምህርት ጥናት ስናልፍ ምስክሩ ይለወጣል። በዚህ ክፍል ጽሑፍ መጨረሻ የሚገኘው የሽማግሌዎች ስም ሳይሆን መጠይቅ ነው፤ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትይዩ በጣም እስማማለሁ ከሚለው እስከ ፈጽሞ አልስማማም እስከሚለው ድረስ አምስት ሣጥኖች ተሰልፈው፣ መልስ ሰጪው በአንደኛው ላይ ምልክት እንዲያደርግ ይጠይቃሉ። ከመጠይቁ ቀጥሎ የክፍል ምልከታ ቅጽ ይኖራል። ተመራማሪው በመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ መምህሩ ስንት ጊዜ ጥያቄ እንደ ጠየቀ፣ ስንት ጊዜ ራሱ እንደ መለሰ፣ ከተማሪዎቹ ስንቱ ወንድ ስንቷ ሴት እጅ አውጥተው እንደ ተጠሩ በአጭር ሰረዝ እየቈጠረ ይመዘግባል። የመልስ ሰጪዎቹ ስም ግን አይጻፍም፤ የታሪክ ተማሪ የምስክሩን ስም መግለጽ ግዴታው ሲሆን፣ የትምህርት ተመራማሪ ግን መምህሩን ከርእሰ መምህሩ ቍጣ፣ ተማሪውንም ከመምህሩ ቂም ይጠብቅ ዘንድ ስማቸውን መሰወር ግዴታው ይሆናል። በአንደኛው ዘርፍ መግለጥ ቅንነት የሆነው ነገር በሁለተኛው ዘርፍ በደል ነው።

ከዚህም ሌላ የትምህርት ጥናት ብርቱ ችግር አለበት፤ ይኸውም በአንድ ክፍል ውስጥ ምክንያቶች ተደራርበው መገኘታቸው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ በኋላ፣ አንዳንዱ ክልል እስከ ስምንተኛ ክፍል በዚያው ሲቀጥል ሌላው ቀደም ብሎ ወደ እንግሊዝኛ አሻገረ። በ1999 ዓ.ም. ግድም ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ሰፊ ጥናት የስምንተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቶችን መርምሮ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በሒሳብና በሳይንስ ትምህርቶች ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳየ። ነገር ግን አስተዋይ ተመራማሪ እዚህ ላይ ዐረፍ አይልም፤ የመምህራኑ ሥልጠና እኩል ነበረን? መጻሕፍቱ በጊዜው ደርሰዋልን? የከተማው ልጅና የገጠሩ ልጅ ተለይተው ተመዝነዋልን? ወላጆች ልጆቻቸውን በምን ቋንቋ ማስተማር ይሻሉ? እያለ መጠየቅ አለበት። እዚህ አንድ ምስክር ቢዋሽ ጥናቱ አይፈርስም፤ መልስ ሰጪዎቹ በዕጣ ሳይሆን በትውውቅ የተመረጡ እንደ ሆነ ግን ሺህ እውነተኛ መልስ ቢሰበሰብ እንኳ ጥናቱ አይቆምም።

በሦስተኛ ደረጃ የተፈጥሮ ሳይንስን እንይ። የዚህ ወገን ጽሑፍ አባሪው ቍጥር ብቻ ነው፤ የእርሻ ተማሪ መሬቱን በእኩል እኩል መደብ ከፍሎ፣ የትኛው ዘር በየትኛው መደብ እንደሚዘራ በዕጣ ወስኖ፣ ያንኑ ሥራ ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ ያገኘውን ምርት በየመደቡ ይመዘግባል። እዚህ የምስክሩ ስም፣ ዕድሜና አስተያየት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ሌላ ሰው በሌላ ቦታ ያንኑ ቢያደርግ ያንኑ ያገኛልን የሚለው ነው።

ይህ ሲባል ሳይንስ ከሰው ርቆ በላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ ይወለዳል ማለት አይደለም። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ ዐድዋ ወርደው ሳለ፣ ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ብዙ መንገደኛ ያየውንና ያለፈውን እርሳቸው ጥያቄ አድርገው ያዙት፤ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት አደረጉ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። እናቶች ለዘመናት ልብስ ያነጹበት ፍሬ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ በዓለም ታወቀና፣ አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

የጤፍም ነገር ከዚህ አይተናነስም። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ነውና፣ አንዱን ዓይነት ከሌላው ጋር ለማዳቀል ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሄ የተባሉት ተመራማሪ አበባው የሚከፈተው በማለዳ፣ በእኛ ሰዓት ከ12 ተኩል በኋላ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ግድም ባለው አጭር ጊዜ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ሠራተኞች ማለዳ ተነሥተው በማጉያ መነጽርና በጥቃቅን መሣሪያ እየተረዱ ማዳቀሉን ተያያዙት፤ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም ምርቱ የበዛውን ዱከም የተባለ ዘር ከነጩ ማኛ ጋር በማዳቀል ቁንጮ የተባለው ጤፍ ተገኝቶ በ1998 ዓ.ም. ለገበሬ ተሰጠ። ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ የማለዳ ጊዜን ማወቅ የዚያ ሁሉ ሥራ በር ከፋች ነበር።

ስለ ትዕግሥትም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1987 ዓ.ም. ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ገና በካሊፎርኒያ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳሉ፣ በአፋር በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ በተባለው ቦታ የእጅ አጥንት ስብርባሪ አገኙ። ይህም 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ዛሬ አርዲ ተብሎ የሚጠራው ሰው መሰል ፍጡር አጽም ክፍል ነበር። አጥንቱ በእጅ ሲነኩት እየረገፈ የሚያስቸግር ነበርና፣ በማጣበቂያ እያጠነከሩ ከነአፈሩ እያወጡ፣ ቀጥሎም እያንዳንዱን ቍራጭ እያጸዱና እያገጣጠሙ ብዙ ዓመት ፈጀባቸው፤ ሙሉው ጥናት ለዓለም የቀረበው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው።

እነዚህ ሦስት ወገኖች ተለያይተው ይኑሩ እንጂ የተቈራረጡ አይደሉም። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትን ወንጌላት ገዳማውያኑ የአባ ገሪማ የእጅ ሥራ ናቸው እያሉ ሲጠብቋቸው፣ ብዙ የውጭ ሊቃውንት ግን ሥዕሎቹን አይተው ከ11ኛው መቶ ዘመን ወዲህ አወረዷቸው። በመጨረሻ ከብራናው የተወሰደች ቅንጣት በኦክስፎርድ በካርቦን ምርመራ ስትመዘን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ውስጥ መሆኗ ታወቀ። የፊዚክስ ሊቅ የወንጌሉን ንባብ መተርጐም አይችልም፤ የሥዕል ታሪክ ሊቅም የካርቦንን መጠን አይለካም፤ የገዳሙ መነኮሳት ብራናውን በየዘመኑ ከእሳትና ከዝርፊያ ባይጠብቁት ኖሮ ደግሞ ሁለቱም የሚመረምሩት አያገኙም ነበር። ሳይንስ ይጠቅመናል፣ ታሪክና ቅኔ ግን ቅንጦት ነው የሚሉ ወገኖች፣ እንዲሁም ቍጥር ነፍስ የለውም እያሉ ሳይንስን የሚንቁ ወገኖች ይህን አንድ ነገር ቢያስተውሉ ክርክራቸው ባጠረ ነበር።

የምርምራችንን ጉድለት ሳንጠቅስ ብናልፍ ግን ሐቀኞች አንሆንም። ከጥቂት የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች በቀር የመመረቂያ ጽሑፎቻችን በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፤ ተማሪው በፈታኞቹ ፊት ቀርቦ ሥራውን ከተከላከለና ከተመረቀ በኋላ ቅጂው በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ስሙ በመረጃ ሰጪነት የተመዘገበው ሽማግሌ፣ መጠይቁን የሞላው መምህር፣ ማሳውን ለሙከራ የሰጠው ገበሬ ምን እንደ ተገኘ ሳይሰሙ ይቀራሉ። በውሰት የተወሰደ ነገር መመለስ እንዳለበት የሚያውቅ ሕዝብ፣ ለተመራማሪው የሰጠው ቃል ሳይመለስለት ሲቀር ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣውን ጠያቂ በጥርጣሬ ቢቀበለው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የምንለው ይህ ነው፤ ከጽሑፋችሁ ፍሬ ነገሩን በአምስትና በስድስት ገጽ፣ ቃላቸውን የሰጧችሁ ሰዎች በሚያነቡት ቋንቋ አጠቃልላችሁ፣ ጥናቱን ላደረጋችሁበት ወረዳ፣ ትምህርት ቤት ወይም ገዳም አድርሱ። እናንተም አድማጮቻችን፤ ነገ አንድ ወጣት ደብተርና መቅረጫ ይዞ ከደጃችሁ ሲቆም ከየትኛው ተቋም እንደ መጣና የድጋፍ ደብዳቤ መያዙን ጠይቁት፤ ቃላችሁን ለምን ሥራ እንደሚፈልገውም ያስረዳችሁ። ካመናችሁበት በኋላ ግን ያያችሁትን አይቻለሁ፣ የሰማችሁትን ሰምቻለሁ፣ የማታውቁትንም አላውቅም ብላችሁ ንገሩት፤ እንግዳን ላለማሳፈር ተብሎ የሚሰጥ መልስ ጥናቱን ያበላሻልና። ከመሄዱም በፊት ሥራው ሲያልቅ ውጤቱን ይዞላችሁ እንዲመለስ ቃል አስገቡት።